ቆላው ሲወጣ

መቅደላን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሐሩር አገር ናት ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። አምባዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ መካነ ሰላም ደግሞ ከ11 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በዚሁ ኬክሮስ ወደ ምሥራቅ ተጉዘን፣ የህንድን ደቡብ አቋርጠን ቬትናም ብንገባ የምናገኘው የሆ ቺ ሚን ከተማን ነው። የከተማዋ የዓመት አማካይ ሙቀት 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ሌሊቱም ያልባል። የመካነ ሰላም ሰው ግን በሐምሌና በነሐሴ ጋቢውን ደርቦ እሳት ዳር ይሰበሰባል። ሁለቱም ከተሞች በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይን ልክ በአናታቸው ላይ ያገኟታል፤ ሁለቱም ዝናባቸውን የሚጠብቁት ወቅት ጠብቆ ከሚመጣ እርጥብ ነፋስ ነው። አንዷ ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም፤ ሌላዋ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ሙቀት የሚለካው በሜትር ነው የምለው ስለዚህ ነው። በዚህ አገር ስለ ከባድ ሙቀት ስናስብ ቴርሞሜትሩ 45 ዲግሪ ደረሰ አልደረሰ እያልን የምንጠብቅ ከሆነ፣ አደጋው ሳናየው አጠገባችን ያልፋል።

ወደ ፀሐይ የቀረበ ተራራ ይበልጥ መሞቅ አልነበረበትም ወይ የሚለው ጥያቄ የተማሪ ጥያቄ ቢመስልም ተገቢ ነው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ ሦስት ኪሎ ሜትር መቅረብ ምንም አይለውጥም። ደግሞም ፀሐይ በቀጥታ የምታሞቀው በአብዛኛው መሬቱን ነው፤ አየሩ የሚሞቀው ከመሬቱ ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በመቅደላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ውኃም የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እንዲህ የሳሳና ደረቅ አየር ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይዞ ማቆየት አይችልም። ለዚህ ነው በኅዳርና በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐዩ ቆዳ እየጠበሰ ንጋት ላይ ባቄላው ውርጭ የሚመታው። በጥቅሉ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በሰፊ አምባ ላይ ከነጠላ ጉብ ይልቅ መሬቱ ራሱ አየሩን ስለሚያሞቀው፣ የኛ ደጋ ይህ ሂሳብ ከሚሰጠው ሞቅ ይላል፤ ለአስተሳሰባችን ግን ቁጥሩ በቂ ነው። በአፋር ምድር ከባሕር ወለል በታች የሚገኘው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተወሰደ ልኬት የዓመት አማካዩ 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከዚያ ተነስተን በዚህ ስሌት ወደ መቅደላ ከፍታ ብንወጣ 16 ዲግሪ ግድም ላይ እንቆማለን። የዓለምን እጅግ ሞቃት ቦታ ከጋቢ አገር የሚለየው በዋናው ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሽቅብ ነው።

ይህን አገሬው ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው አከፋፈል የመሣሪያ ልኬት ሳይመጣ ማሽላው፣ ጤፉና ገብሱ የነገሩን ነው። ዛሬ ባለሙያዎች ቆላን በግርድፉ እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋን እስከ 2,300፣ ደጋን እስከ 3,200፣ ከዚያ በላይ ያለውን ውርጭ እያሉ ይከፍሉታል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ቀን እግር መንገድ ውስጥ ይገኛሉ። ከደላንታ ሜዳ ጫፍ እስከ በሽሎ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ብቻ 1,200 ሜትር ይጠጋል፤ በሂሳባችን ስምንት ዲግሪ መሆኑ ነው። ሸለቆው ነፋስ ስለማያገኝ፣ ድንጋዩም ቀን ሙሉ ስለሚግል እግርና ደረት የሚያውቁት ልዩነት ከዚህም ይበልጣል። የአንድ አባወራ አንዱ ማሳ ሸለቆው ወገብ ላይ ማሽላ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ጤፍ፣ ሦስተኛው አምባው ራስ ላይ ገብስ ቢያበቅል ለአገሬው አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ያወጣዋል፤ የከፍታ ልዩነት የገበሬው መድን ነው።

በ1860 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ ጦር ይህን መሰላል በእግሩ ለክቶታል። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ፣ ደጋውን ይዞ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ወርዶ ወጥቶ ነው ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ የተዋጋው፤ ከሦስት ቀን በኋላም መቅደላ ተያዘች፣ ዐፄ ቴዎድሮስም አረፉ። ወሩን ልብ እንበል። ሚያዝያ ዝናቡ ገና ያልጠናበት፣ ፀሐይ በአናት የምትሄድበት፣ የዓመቱ ሙቀት ከፍ የሚልበት ወቅት ነው። ናፒየር ግን ምርጫ አልነበረውም፤ ክረምቱ ከገባ ወንዞቹ አያሻግሩም፣ መንገዱም ለጭነት ከብት አይሆንም። ስለዚህ አምባውን አቃጥሎ በሰኔ መጀመሪያ ወደ ዙላ ተመልሶ መርከብ ተሳፈረ። ከጦሩ ጋር የመጣው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ በበኩሉ ገደሉን እየተመለከተ የእሳተ ገሞራ ድንጋዩን ንብብር በሁለት ከፈለው፤ የታችኛውን በአሸንጌ፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠራው። የሚገርመው ወንድሙ ሄንሪ ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1875 የህንድ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኖ፣ ብዙ የደከመው የህንድ ክረምት ለምን አንዳንዴ ይቀራል የሚለውን ሲፈትሽ ነው። አንዱ ወንድም የመቅደላን ድንጋይ፣ ሌላው መቅደላን ጭምር የሚነካውን ነፋስ አጠኑ ማለት እንችላለን።

ምክንያቱም የኛ ክረምትና የህንድ ክረምት ዘመዳሞች ናቸው። ከግንቦት በኋላ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደን በኩል የሚመጣ እርጥብ አየር፣ ከህንድ ውቅያኖስ ከሚነፍሰው ጋር ሆኖ የኛን ደጋ ይገጫል፤ ሲገጭ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ያዘንባል። ተራራው ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ዝናብ አውጪ መሆኑም ከከፍታው ነው። በዓመቱ ውስጥ የሚሞቀው ወር ሐምሌ ሳይሆን ከዝናቡ በፊት ያለው የመጋቢትና የግንቦት መካከል የሆነውም ደመናው ሲመጣ ፀሐይን ስለሚሸፍናት ነው፤ ዴልሂም በግንቦት ነድዳ በሐምሌ ትተነፍሳለች። ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ሲነሳ ደግሞ ሁለቱም ክረምቶች አብረው መዳከማቸው የተለመደ ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ከዚያ የመጣ ሲሆን፣ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንዲጠብቅ አድርጓል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የተዘጋጀ የአገሪቱ የአየር ንብረት መግለጫ ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል ይላል። የያኔው ብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድም ዝቅተኛው ሙቀት፣ በግልጽ አነጋገር የሌሊቱ፣ በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ሲጨምር ቆይቷል። 1.3 ዲግሪ ለጆሮ ምንም አይደለም፤ በጥዋትና በረፋድ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ወደ ሜትር ስንለውጠው ግን 200 ሜትር ይሆናል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ቆላው 200 ሜትር ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። መሬቱ ካለበት ሳይንቀሳቀስ የአየሩ ድንበር ተነስቶ ወጣ።

ይህ 200 ሜትር በየቦታው እኩል አይታይም፤ የዚህ አገር የመሬት አቀማመጥ አታላይነትም እዚህ ላይ ነው። በሽሎና ዓባይ ገደላቸው ቀጥ ያለ ነው። ገደል ላይ 200 ሜትር ማለት የአጭር ጊዜ ዳገት፣ ጥቂት ጥማድ መሬት፣ ዝንጀሮና ቁጥቋጦ ነው። ድንበሩ በገደሉ ላይ ሲወጣ የሚያየው የለም፤ በሪፖርትም አይገባም። ገደሉ አልቆ አምባው ሲጀምር ግን መሬቱ ይዘረጋል። ሕዝቡ፣ ከተማው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእህሉ ማሳ ያለው እዚያ ላይ ነው። ለብዙ ዓመት ምንም ያልተለወጠ የመሰለው የአየር ድንበር የሜዳውን ጠርዝ ሲረግጥ፣ ቀጣዩ 100 ሜትር ቀበሌ ሙሉ፣ አልፎም የወረዳን እኩሌታ አንድ ጊዜ ሊያጠቃልል ይችላል። ስለዚህ ለውጡ በገደል አገር ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ይቆይና አንድ ሰሞን ይፈነዳል። ከደብረ ሲና ቦረና እስከ ተንታ ያለው ሕዝብ እስካሁን ደህና ነን ቢል፣ የድንበሩን አካሄድ እንጂ የድንበሩን አለመኖር አያሳይም።

ታዲያ ደጋው ትንሽ ቢሞቅ ምን ክፋት አለው የሚል ተቃውሞ አለ፤ ደግሞም ቀልድ አይደለም። ብርድ ድህነት መሆኑን የደጋ ሰው ያውቀዋል። ውርጭ አንድ ሌሊት የአንድ ቤተሰብን ባቄላ ያጠቁራል። ሞቅ ቢል በቆሎና ጤፍ ከፍ ብለው ይበቅላሉ፤ የገብሱም ጊዜ ያጥራል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ለጊዜው የሚጠቀም ገበሬ እንዳለም አልክድም። ግን ጤፉ ወደ ላይ የወጣለት ገበሬ ገብሱን የት ያወጣዋል? የቦረና ሳይንት ፓርክ፣ የቀድሞው የደንቆሮ ጫካ፣ ከ1,900 ሜትር ተነስቶ ወደ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከታች ጥድና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከጫፉ ጅብራና ጓሳ አለ፤ ጭላዳና በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ጥቂት ዘር እዚያ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ የአይጥና የፍልፈል ሜዳ ነው። ከሥር ሙቀቱም የገብስ ማሳውም ይገፉታል፤ ከላይ ሰማይ ነው። በዞኑ ከፍተኛ የሆነው አምባ ፈሪት እንኳ 4,000 ሜትር ሳይሞላ ያልቃል። በፔሩ የፓንቲያኮላ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቆጠሩትን ወፎች ተመራማሪዎች በ2017 ተመልሰው ሲፈልጉ፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች ወደ ላይ መውጣታቸውን፣ ጫፉ ላይ ይኖሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ጨርሶ መጥፋታቸውን አይተዋል። ለሰውም ሂሳቡ ያው ነው። መድኑ የከፍታ ልዩነት ነበር ብለናል፤ መሰላሉ ከታች ሲቃጠል ከላይ ሌላ እርከን አይጨመርበትም።

ከሁሉ የከፋው ግን እህሉ አይደለም። የጥንት መንገደኛ ዓባይን ሲሻገር ሸለቆው ውስጥ ላለማደር የሚጣደፈው ከሽፍታውና ከአዞው ሌላ ንዳድን ፈርቶ ነበር። ቆላ ወርዶ ያደረ ይታመማል የሚለው እምነት ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ የሌሊት ትንኝ መሆኑ ብቻ ነው ቆይቶ የታወቀው። ብርቱው የወባ ተውሳክ በትንኝዋ ሆድ ውስጥ ለማደግ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ትንኝዋ ተውሳኩ ሳይበስል ትሞታለች። ደጋውን ለዘመናት የጠበቀው አጥር ይህ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ። ሌሊቱ እየሞቀ ነው የሚለውን የሜትሮሎጂ ቁጥር አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። አጥሩ ሲከፈት የሚሆነውን አንድ ጊዜ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡ በዝቶ፣ አየሩም ሞቆ፣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው የደጋ ጠርዝ ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በሽታውን የማያውቅ ሰውነት መከላከያ የለውምና ሕፃን አዋቂ ሳይል ነበር የገደለው።

እዚህ ላይ የጤና ባለሙያ ሊከራከረኝ ይችላል። ወባን የሚያወጣውም የሚያወርደውም አጎበር፣ ርጭት፣ መድኃኒትና የሰው ዝውውር ነው፤ ሙቀቱ ሰበብ ነው ሊለኝ ይችላል። አጎበርና መድኃኒት ሕይወት ማትረፋቸው አያከራክርም፤ የሰው ዝውውርም ትልቅ ነገር ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገበውን ሕመም ከከፍታ ጋር አነጻጽሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቀዝቀዝ ባሉት ሲመለስ አሳይቷል፤ በኮሎምቢያ ደጋም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። አንድ ሕዝብ ከዓመት ዓመት ዝውውሩን እንዲህ ከቴርሞሜትር ጋር እያስማማ አይቀያይርም። ሙቀቱ በሩን ይከፍታል፤ የሚገባውንና የማይገባውን የሚወስነው ዝግጅታችን ነው።

ወሎ ይህን በሌላ መንገድም፣ በግድ፣ አይቷል። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 ሰው ሲያሰፍር ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ብዙው ከደጋ ተነስቶ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ወለጋ ቆላማ ስፍራዎች ተወሰደ። ገብስ የሚያውቅ ገበሬ፣ ብርድ የለመደ ሰውነት፣ በአንድ ጊዜ ከ1,000 ሜትር በላይ ወረደ። የሞቱት ብዛት የተለያየ ግምት አለው፤ ወባና ያልለመዱት አየር ብዙ ሰው መጨረሳቸውን ግን የሚክድ የለም። ሰውን ወደ ሙቀት ማውረድና ሙቀትን ወደ ሰው ማውጣት ለሰውነት አንድ ናቸው። የመጀመሪያው በአውሮፕላንና በአውቶቡስ ስለሆነ ታየ፤ ሁለተኛው ድምፅ የለውም።

የቀረኝ ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረው ነው፦ የወሎ ጠላት ሙቀት መቼ ሆነና፣ ዝናብ ነው እንጂ። የ1966ቱም የ1977ቱም ረሃብ ዝናብ በመቅረቱ ነው፤ ፖለቲካው ሳይረሳ። ይህን የሚል ሰው ታሪኩን አላጣመመም። ነገር ግን ዝናብ ገቢ ከሆነ ሙቀት ወጪ ነው። አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እርጥበት የመሸከም አቅሙ በሰባት ከመቶ ያህል ይጨምራል። በደረቁ ወራት ይህ አየር ከማሳው፣ ከቅጠሉና ከኩሬው የሚመጥጠው ውኃ ይበዛል፤ ድሮ በበቃው ዝናብ ዛሬ ዘሩ ይጠወልጋል። በእርጥቡ ወራት ደግሞ ያው የተሸከመውን አንድ ጊዜ ያፈሰዋል፤ ቁልቁለት ላይ አንድ ጊዜ የፈሰሰ ዝናብ አፈሩን ይዞ ወደ በሽሎ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ነው። በደቡብ ወሎ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከዓመት ዓመት ሲመዘግብ የኖረው ከዳገት ማሳ የሚታጠበውን አፈር ነው፤ አፈሩ በሳሳ ቁጥር የሚይዘው ውኃ ያንሳል፣ ሙቀቱም ይበልጥ ይጎዳዋል። ስለዚህ ሙቀትና ዝናብ ሁለት ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ጉዳት የሚያባዛ ነው። ዛፉን የቆረጥነው እኛው ነን የሚለውም እውነት ነው፤ እርቃኑን የቀረ ዳገት ይበልጥ ይግላል። ያ ግን ሁለተኛ ምክንያት ጨመረ እንጂ የመጀመሪያውን አላነሳውም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው። እኛ አገሩን የምናስተዳድረውና የምናስጠነቅቀው በወረዳ ነው። የወረዳው አማካይ ዝናብ፣ የወረዳው አማካይ ሙቀት፣ የወረዳው የምርት ግምት እንላለን። አንድ ወረዳ ከዓባይ ሸለቆ ተነስቶ 3,000 ሜትር የሚያልፍ ከሆነ አማካዩ የማንም አይደለም፤ ማሽላ አብቃዩንም ገብስ አብቃዩንም አይገልጽም። የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው መኪና የሚገባበት ከተማ ውስጥ፣ አምባው ላይ ናቸው፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ሸለቆ አይለካም። በጤናውም በኩል የኢትዮጵያ የወባ አሠራር ለብዙ አሥርት ዓመታት ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን ወባማ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ነፃ አድርጎ ሲመለከት ኖሯል። መስመሩ ሲሰመር፣ ከወረርሽኝ ዓመት በቀር፣ ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሩ 200 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ መስመሩም አብሮ ወጥቶ ከ2,000 እስከ 2,300 ሜትር ያሉ የበሽሎና የዓባይ ጠርዝ ቀበሌዎች አጎበርና መመርመሪያ ከወረርሽኙ በፊት ሊደርሳቸው፣ ሸለቆዎቹም ቢያንስ አንድ አንድ ቴርሞሜትር ሊተከልላቸው ይገባል።